ኩበቱ ለምድጃ ወይስ ለማሳ? ቤታችሁን ለአካባቢ ተስማሚ የምታደርጉባቸው 7 መንገዶች

"ለአካባቢ ተስማሚ ኑሮ" ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ግን ነገሩ ከጓዳ ይጀምራል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች የወገራ ከተማ ደጋ ናት፤ ብርዱ ይበረታል፣ ዛፉ ሳስቷል፣ ማገዶ ግን በየቀኑ ያስፈልጋል። ብዙ ወጪ የማይጠይቁና እቤት የሚሠሩትን መርጠን አቅርበናል። ሴቭ አድርጉት፣ ይጠቅማችኋል።

1. ኩበቱን በሙሉ አታንድዱት

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ኩበት ሲነድ ውስጡ ያለው ናይትሮጅን በጭስ መልክ ይሄዳል። ፎስፈረስና ፖታሲየሙ አመድ ውስጥ ይቀራል። ገበሬው በውድ የሚገዛው ዩሪያ ደግሞ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። እንግዲህ አስቡት፦ በምድጃ በኩል የሸኘነውን መልሰን በብር እየገዛን ነው።

"ታዲያ በምን እናብስል?" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ እንጨት በሌለበት ኩበትን ሙሉ በሙሉ መተው አይቻልም። ከእበቱ የተወሰነውን ብቻ ለኮምፖስት መለየት ግን ይቻላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

- ጥላ ያለበት፣ ውኃ የማያቁርበት ቦታ ምረጡ።
- ከታች ገለባና ጭራሮ፣ ቀጥሎ እርጥብ ቅጠልና የጓዳ ተረፈ ምርት፣ ከዚያ እበት፣ በላዩ ትንሽ አመድና አፈር እያደረጋችሁ ደራርቡ።
- መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክታችሁ ተዉት። በየሳምንቱ ስባችሁ አውጡትና ንኩት። ሞቅና ረጠብ ካለ እየበሰለ ነው፤ ከደረቀ ውኃ ጨምሩ።
- በየወሩ አገላብጡት። ደጋ ላይ ብርዱ ስለሚያዘገየው አራት ወርና ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል። ጥቁር ሆኖ የአፈር ሽታ ሲሸት ደርሷል።

2. ጉልቻውን ቀይሩ

"ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ይባላል። ወጡን ባያጣፍጥም ማገዶውን ግን ይቆጥባል። ሦስት ጉልቻ ላይ እሳቱ ክፍት ስለሆነ ሙቀቱ በየጎኑ ይባክናል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው "ምርጥ" የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ስለሚዘጋው የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ከኋላ በሚወጣው ሙቀት ላይ ደግሞ ድስት መጣድ ይቻላል። ከሰል ለምትጠቀሙ "ላቀች" የምትባለው ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ትሻላለች።

ይሄ የማገዶ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ላይ ሞተዋል። ጭሱን በብዛት የሚተነፍሱት እናቶቻችን፣ እህቶቻችንና የታዘሉት ሕፃናት ናቸው።

3. አበሳሰላችሁን አስተካክሉ

ባቄላና ሽምብራ ከማታው ዘፍዝፉ፣ ቶሎ ይበስላል። ድስቱን ክደኑ። እንጨቱን ፍለጡና አድርቁ፤ እርጥብ እንጨት ጭሱ እንጂ እሳቱ የለም።

4. የኤሌክትሪክ ምጣድ በብልሃት

የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ስለሚመነጭ ምጣዱ ከኩበት ይሻላል። ግን በላተኛ ነው። ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ ምጣድ አንድ ሰዓት ሲሠራ የሚፈጀው ኃይል ስልካችሁን ከ100 ጊዜ በላይ ቻርጅ ያደርጋል። ስለዚህ ሊጡ ሳይደርስ አትለኩሱት፣ ለሁለት ቀን የሚሆነውን በአንዴ ጋግሩ፣ የመጨረሻዋን እንጀራ አጥፍታችሁ በቀረው ሙቀት አውጧት።

5. ፌስታል በቃ

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ የሚያስቀር ነው። ሕጉ ቀርቶ ላሟን አስቡ። ሜዳ ላይ የተጣለ ፌስታል የዋጠች ላም ሆዷ ተዘግቶ ልትሞት ትችላለች። ገበያ ስትሄዱ ዘንቢል ወይም ማዳበሪያ ያዙ። እሳት ለማያያዝ ፌስታል ማንደድም ይቅር፣ ጭሱ መርዝ ነው። ያለቀ የባትሪ ድንጋይም ማሳ ላይ ወይም ወንዝ ዳር አይጣል።

6. የቆርቆሮውን ውኃ ያዙ

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከወረደ 1 ሊትር ውኃ ነው። 40 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 400 ሊትር፣ ማለትም ሁለት በርሜል ይወርዳል። ጥቂቱ ቢባክንም ለልብስ፣ ለከብትና ለጓሮ አትክልት ይተርፋል። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይሂድ፤ ለመጠጥ ግን ሳይፈላ አይሁን።

7. የምትተክሉትን ምረጡ

ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ተቆርጦም ያቆጠቁጣል፣ ለማገዶም ለገቢም ይጠቅማል። ነገር ግን ውኃ ስለሚሻማ ከምንጭና ከማሳ ዳር ይራቅ። ለአጥር ትሪ ሉሰርን ሞክሩ። ደጋ ይወዳል፤ ቅጠሉ ለከብት መኖ፣ ግንዱ ለማገዶ ይሆናል። እያንዳንዱ የማገዶ ዛፍ ደግሞ ኩበቱን ወደ ማሳው ይመልሳል።

ከየት ልጀምር?

ከብት ካላችሁ ከአንደኛው፣ ተከራይታችሁ ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ከሦስተኛውና ከአምስተኛው ጀምሩ። ብር ሲገኝ ምድጃው ይቀየር። ምድጃው ላይ የሚተርፈው ኩበት ለቀጣዩ ክረምት ማዳበሪያ ነው።

እቤት ለሚጋግሩት አንብቡላቸው፣ ለሚያርሱትም አጋሩ።