የአኩፓንክቸር ሕክምና፤ አዲስ ታካሚዎች ሊያውቁት የሚገባ

አኩፓንክቸር ቀጫጭን መርፌዎችን በተመረጡ የሰውነት ክፍሎች ላይ በመሰካት የሚሰጥ ጥንታዊ የቻይና ሕክምና ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የሕክምና ቡድኖችን ወደ ኢትዮጵያ ስትልክ የቆየች ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የተመደቡ ባለሙያዎቿም ይህንኑ አገልግሎት ሰጥተዋል።

ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ከኩታበር ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ታካሚ አስቀድሞ በቦሩ ሜዳ ወይም በደሴ ሆስፒታል መመርመር ይኖርበታል። ሕመሙ የአከርካሪ ቲቢ ከሆነ መርፌው ሥቃይ ቢያስታግስ እንኳ በሽታውን አያድንም፤ መዘግየቱም ለሽባነት ሊዳርግ ይችላል።

ሕክምናው እንደ ዋገምት ቆዳ ተበጥቶ ደም የሚመጠጥበት አይደለም። መርፌው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተሰክቶ ይቆያል፤ መጠነኛ የመደንዘዝ ስሜትም ሊኖር ይችላል። በባዶ ሆድ መሄድ ለማዞር ያጋልጣል። ነፍሰ ጡሮችና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ለሐኪሙ አስቀድመው ማሳወቅ አለባቸው። መርፌው አዲስና የታሸገ መሆኑን መጠየቅ ነውር የለውም፤ በሌላ ሰው ላይ የዋለ መርፌ ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን ሊያስተላልፍ ይችላል።