ከቁራኛ እስከ ወለድ አገድ፦ የገበሬው ዕዳ ታሪክ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገራችን የመጡ ፈረንጆች ካነሷቸው ፎቶግራፎች መካከል ሁለት ሰዎች በአንድ ሰንሰለት ተሳስረው የቆሙባቸው ይገኛሉ። አንዱ ባለዕዳ፣ ሌላው ባለገንዘብ ነው። ቁራኛ ይባላል። ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ ሁለቱ አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ሥርዓቱ የጭካኔ ነው፤ ቢሆንም አበዳሪውንም ከሥራው ያስፈታው ስለነበር ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልግ ነበር። ዛሬ በገጠር ያለው አበዳሪ ግን እንዲህ ያለ ችኮላ የለበትም። ከተበዳሪው ጋር ሳይሆን ከመሬቱ ጋር ነውና የተሳሰረው፣ ዕዳው በዘገየ ቁጥር የሚጠቀመው እሱ ነው።

ዕድሜዬን የገፋሁት በምዕራብ ጎጃም፣ በአንድ የወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ በመጻፍ ነው። ራፖር ጸሐፊ ይሉናል። ባለጉዳዩ የመሬት ክርክር ነው ብሎ ይመጣል፤ ከሥሩ ሲፈለቀቅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ብድር ነው።

አራጣን ያልከለከለ ሕግ በአገራችን አልነበረም ማለት ይቻላል። ፍትሐ ነገሥቱ ያወግዘዋል፤ በእስልምናም ወለድ ሐራም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች ከ12 በመቶ የበለጠ የዓመት ወለድ እንዳይስማሙ ገደብ አበጀ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አራጣን ወንጀል ብሎ ይቀጣል። በገጠር ግን ከመቶ ብር ላይ በወር አሥር ብር መቁጠር የተለመደ ነው። ይህ በዓመት 120 በመቶ ይሆናል፤ ሕጉ ከፈቀደው አሥር እጥፍ ማለት ነው። በእህል ሲሆንም ያው ነው። በነሐሴ አንድ ኩንታል የወሰደ በጥር አንድ ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ይሰፍራል።

ከሁሉ የከፋው ግን ወለድ አገድ ነው። ገበሬው ገንዘብ ይወስድና መሬቱን ለአበዳሪው ያስረክባል። አበዳሪው ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያጭዳል፤ ምርቱ የወለዱ ምትክ ነው። ዋናው ዕዳ ግን ከዓመት ዓመት አንድ ብር አይቀንስም። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ለወለድ አገድ የራሱን ድንጋጌዎች ሰጥቶት ነበር። የተቸገረ ሰው የሚያበላውን መሬት አስረክቦ ከየት አምጥቶ ነው ገንዘቡን የሚመልሰው? የወለድ አገድ መርዙ እዚህ ላይ ነው።

አንዲት እናት ያመጡልኝን ወረቀት አልረሳውም። አራት ቦታ ተጣጥፎ በፌስታል ተጠቅልሏል፤ እጥፋቱ ላይ ፊደሉ ጠፍቷል። የባላቸውን ተዝካር ለማውጣት ገንዘብ ተበድረው፣ ወንዝ ዳር ያለች አንድ ጥማድ መሬታቸውን ሰጥተዋል። ከታች የእሳቸው የጣት አሻራና የሦስት ምስክሮች ስም አለ። ገንዘቡ በፊደልም በአኃዝም ተጽፏል፤ መሬቱ የሚመለስበት ቀን ግን የለም። «ገንዘቡን ስመልስ መሬቴን እረከባለሁ» ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። አበዳሪው የክርስትና ልጃቸው አባት ነበር። «ልጄ፣ እሱን ከስሼ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አሉኝ። የገጠር አራጣ ለረጅም ጊዜ ተሸፍኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። አበዳሪው ባዕድ አይደለም፤ ጎረቤት ነው፣ አበልጅ ነው፣ በክረምት እህል ያለው ሰው ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ይህ ሁሉ ያበቃ መስሎ ነበር። ጭሰኛው ለባለመሬቱ የነበረበት ዕዳ ተሰረዘ፤ መሬት መሸጥም ሆነ በዕዳ ማስያዝ ተከለከለ። ትልቅ ነፃነት ነበር፤ ይህን የሚክድ ገበሬ አላጋጠመኝም። ነገር ግን በክረምት የሚቸግረውን ገንዘብ ማን እንደሚያበድረው የተበጀ ነገር አልነበረም። ቆይቶም የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ መጣ። ምርቱ ያነሰበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በመንግሥት ዋጋ ያስረክብ ነበር። ለዚያ የሚሆነውን ብር የሚያገኘውም ከዚያው ከጎረቤቱ ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለ የግብርና ፕሮግራም የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ፓኬጅ ይዞ መጣ፤ መንግሥትም ሥራውን በየክልሉ አስፋፋው። ባንክ ሲያበድር ዋስ የሚሆነው የክልሉ መንግሥት ነበርና ዕዳ መሰብሰብ የወረዳና የቀበሌ ሹሞች ሥራ ሆነ። ክፍያው የሚጠየቀው እህሉ ከአውድማ እንደገባ ነበር፤ ሁሉም አንድ ላይ የሚሸጥበት፣ ዋጋ የሚወድቅበት ወቅት። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ ሞልቶ ዋጋው ክፉኛ ሲወድቅ፣ ጥሩ ያመረተው ገበሬ የማዳበሪያውን ዕዳ መክፈል አቃተው። በሬውን የሸጠ ብዙ ነው። በቀጣዩ ክረምት ማዳበሪያ የሚገዛው ቀነሰ፤ ዝናቡም ጎደለ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ።

የብድርና ቁጠባ ተቋማት በ1988 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መስፋፋታቸው በር ከፍቷል። ከእነዚህ አንዱ፣ በእኛ አካባቢ አብቁተ እያልን የምንጠራው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። መሬት ሳያስይዙ በቡድን ዋስትና መበደር ለብዙ ድሃ እፎይታ ነበር። የመክፈያው ቀን ሲደርስ ግን እጁ ባዶ የሆነ ገበሬ ቡድኑን ላለማሳፈር ሲል ወደ አራጣ አበዳሪው ይሄዳል፤ የተቋሙን ከፍሎ አዲስ ብድር ሲያገኝ በዚያ የአራጣውን ይመልሳል። በመዝገብ ሲታይ ዕዳው በወቅቱ ተከፍሏል። ገበሬው ግን በሁለት ወለድ መካከል ተጨፍልቋል።

ወለድ አገዱም አልጠፋም፤ ስሙን ለወጠ እንጂ። «ኪራይ» ወይም «የእኩል» ተብሎ ይጻፋል። የተሰጠው ብር ሃያ ሺህ ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ላይ ሠላሳ ሺህ ይሰፍራል። ልዩነቱ አራጣው ነው፤ ዳኛውም የሚያየው የተጻፈውን ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው የመጠቀም መብቱን በዋስትና አስይዞ ከገንዘብ ተቋማት እንዲበደር ፈቅዷል። ለገበሬው የሚበጀው ግን ብድሩ ከዘር በፊት ከደረሰና የመክፈያው ጊዜ ከአውድማው ሳምንት ከራቀ ብቻ ነው። ክልከላ ብቻውን አራጣን እንዳላቆመ የኖርንበት ታሪክ ይመሰክራል፤ ገበሬውን ወደ አራጣ አበዳሪው የሚወስደው የሕግ ድንቁርና ሳይሆን የነሐሴ ባዶ ጎተራ ነው። ስለዚህ አበዳሪ ተቋማት የሥራ ዘመናቸውን በበጀት ዓመት ሳይሆን በዘርና በአጨዳ ይቁጠሩ።

ለገበሬው ወገኔ ደግሞ ይህን እላለሁ፦ ጣትህን ቀለም ከማስነካትህ በፊት ወረቀቱን ማንበብ በሚችል የራስህ ሰው አስነብበው። የወሰድከው ብር ልክ መጻፉን፣ መሬትህ የሚመለስበት ቀን መቀመጡን አረጋግጥ። ቀን የሌለው ውል አትፈርም።