ከፉት እስከ ጭልጥ፦ የመብልና የመጠጥ ድምፅ ቃላት ጉዞ

ቡና ሲቆላ ይንጣጣል፤ ጀበናው ሲፈላ ይንተከተካል፤ ሲቀዳ ይንቆረቆራል፤ ስኒው ከከንፈር ሲደርስ ደግሞ ፉት ይባላል። ሦስቱ ግሦች በአንድ መንገድ የተበጁ ናቸው፤ አራተኛው ግን በሌላ። የልዩነቱ ምንጭ ከአክሱም ዘመን ይጀምርና የሴም፣ የኩሽና የኦሞ ቋንቋዎች ጎን ለጎን እስከሚነገሩበት የደቡብ ኢትዮጵያ ምድር፣ እስከ ዲላና እስከ ጌዴኦ ያደርሰናል።

ከግእዝ እንነሣ። ግእዝ ድምፅን በቃል ለመቅረጽ የራሱ ስልት ነበረው፦ የሥሩን ፊደላት ይደግምና ከፊታቸው «አን» ያስቀድማል። ሰማይ ሲያስገመግም አንጐድጐደ፣ ሰው ሲያጉረመርም አንጐርጐረ ይላል። አማርኛ ይህን ርስት ተቀብሎ ወደ ማጀት አስገባው፤ ተንጣጣ፣ ተንተከተከና ተንቆረቆረ የዚያ ዘር ናቸው። ሁለተኛውን መንገድ ግን፣ ማለትም አንድን ድምፅ ወስዶ «አለ» ከሚለው ግሥ ጋር ማጣመርን፣ ግእዝ እምብዛም አልተጠቀመበትም። እሺታን «ኦሆ» ብሎ፣ እምቢታን «እንቢ» ብሎ ከመግለጽ ብዙም አልራቀም።

ትልቁ መታጠፊያ እዚህ ላይ ነው። በግእዝ ዳር የነበረው ስልት በአማርኛ መሐል ገባ። ፉት አለ፣ ዋጥ አደረገ፣ ጭልጥ አደረገ የሚሉት ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ። ስልቱ መጠንንም ይለካል፦ ትንሽ የሞከረ ቀመስ ያደርጋል፤ ሳያላምጥ የጨረሰ ውጥ ያደርጋል። ሁሉም ድምፅ አስመሳይ ናቸው ማለት ግን አይደለም። «ፉት» የከንፈርን ድምፅ ይቀዳል፤ «ጭልጥ» ግን ይበልጥ የሚያሳየው የዋንጫውን ባዶ መቅረት ነው። ፉት ሲሉት ጭልጥ የሚለው አባባል ሁለቱን አጋጥሞ፣ ገና ተጀመረ ሲባል ያለቀን ነገር በሦስት ቃላት ይነግረናል። እንዲህ ያለ ቁጥብነት በሌላ መንገድ የሚገኝ አይመስለኝም።

ስልቱ ከየት መጣ? የሥነ ልሳን ሊቁ ቮልፍ ሌስላው የኩሽ ቋንቋዎች በኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ላይ ያሳደሩትን ተጽዕኖ የመረመረበትን ጽሑፍ በ1945 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ሌላው የዘርፉ ሊቅ ቻርልስ ፈርጉሰን በ1976 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን አንድ የቋንቋ ቀጠና የሚያደርጓትን የጋራ ባሕርያት ሲዘረዝር፣ በ«አለ» የሚጣመሩ ግሦችን ከእነዚያ መካከል ቆጠረ። ብዙ አጥኚዎች የስልቱን ሥር ከኩሽ ወገን ያደርጉታል። የጌዴኦ ሕዝብ ቋንቋ ጌዴኡፋ፣ ሲዳምኛ፣ ሀዲይኛና ከምባትኛ የምሥራቅ ደጋማ ኩሽ ወንድማማቾች ሆነው ይህን ስልት ይጋራሉ። የኦሞው ወገን ወላይትኛም ቢሆን ድምፅ ቃላቱን ከ«ማለት»ና ከ«ማድረግ» ጋር ያጣምራል፤ ይህንንም አዜብ አምሃ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት አሳይታለች። ከእነዚህ ቋንቋዎች የአንዱ ተናጋሪ የሌላውን ቃል ባያውቅ እንኳ ቃሉ የተሠራበት ቅርጽ አይጠፋውም። ዝርዝሩን ለሥነ ልሳን ሊቃውንት እንተወው።

ይህ ዝምድና በዘመናችን በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዷ የጌዴኦዋ ከተማ ዲላ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም ጌዴኦ በምኒልክ ግዛት ሲጠቃለል አማርኛ ከአስተዳደሩና ከሠራዊቱ ጋር ገባ። ያሰፋው ግን ቡና ነው። ከይርጋጨፌ፣ ከወናጎና ከኮቸሬ የሚወርደው ቡና ዲላን የገበያ ከተማ አደረጋት፤ በገበያውም ጌዴኦው፣ ጉጂው፣ ሲዳማው፣ ጉራጌውና አማራው ተገናኙ። በዚህ ምድር ቡና የሚጠጣ ብቻም አይደለም። ቦረናና ጉጂ «ቡና ቀላ» በሚሉት ሥርዓት ፍሬው ከነገለባው በቅቤ ተጠብሶ ይታኘካል፤ እዚያ የቡና ድምፅ ከጉሮሮ ይልቅ የጥርስ ነው።

ምግቡም ራሱን ችሎ ድምፁን ይወስናል ብዬ አስባለሁ። ገብስና ሽምብራ ቆልቶ የሚበላው ደጋ «ቆረጠመ»ና «ኮረሸመ» የሚሉትን ጠንካራ ቃላት ይፈልጋል። ጌዴኦ ግን የእንሰት አገር ነው። የእንሰቱ ድምፅ ከገበታ በፊት፣ ሴቶቹ ሲፍቁትና ሲያዘጋጁት ይሰማል፤ ቆጮውና ቡላው አፍ ሲገቡ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። እንሰትን፣ ቡናንና ዛፍን አብሮ የያዘው ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ወደ ጽሑፉ ዘመን ስንሻገር መልኩ ይለወጣል። አማርኛ በኩል ከኢዘንበርግ የ1841 እ.ኤ.አ. መዝገበ ቃላት አንሥቶ እስከ ደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. ሥራ ድረስ የቃላት ሰብሳቢ አልጠፋም። ጌዴኡፋ ብዙ ዘግይቶ ተነሣ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በፊደል ተጻፈ፤ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ በላቲን ሆሄ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ። እኔን የሚያሳስበኝ የድምፅ ቃላቱ ዕጣ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ በመጀመሪያ የሚፈልገው የነገሮችን ስም ነው፤ የአጠጣጥና የአበላል ድምፅ ለእናት አፍ ይቀራል። በየቤቱና በየገበያው የሚሰሙትን እነዚህን ቃላት በድምፅ ቀርጾ ማስቀመጥ፣ ለዲላ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ለሌላ ተቋም፣ ዛሬ የሚገባ ሥራ ነው።

ፉት ማለት ግን በዚሁ ከተማ ሙያ ሆኗል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ዲላ ቡና ከሚመረመርባቸውና ደረጃ ከሚሰጥባቸው ጣቢያዎቹ አንዷ ናት። ቀማሹ ቡናውን በማንኪያ ጨልፎ ከአየር ጋር በኃይል ይስበዋል፤ ፈሳሹ በምላሱና በላንቃው ላይ እንዲበተን፣ መዓዛውም ከጉሮሮው ወደ አፍንጫው እንዲወጣ። እንግዳ ፊት ነውር የሚባለው ድምፅ እዚህ የሥራው ደንብ ነው። ደንቡ የመጣው ከውጭ ነው፤ የዲላ ቀማሽ ግን የሚሠራውን ሲናገር፣ ጌዴኦም ይሁን አማራ፣ አያቱ ስኒ ይዛ የምትለውን ይላል፦ ፉት አልኩት።