ስለ ሽማግሌዎች የጤና ምሥጢርና ስለ ኮምፒዩተር መዝገብ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ምሳሌው በሽታን መግለጥ እንደሚያስፈልግ ያስተምራል፤ ለማን እንደሚገለጥ ግን አይናገርም። ሽማግሌ ለሐኪሙ የሚነግረውን ለጎረቤቱ፣ አንዳንድ ጊዜም ለገዛ ልጁ፣ አይነግርም። በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው የጥንት ግሪኮች መሐላም ሐኪሙ ከሕሙማን ዘንድ ያየውንና የሰማውን ምሥጢር እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። እንግዲህ ምሥጢሩ ከሐኪሙ እጅ ወጥቶ በኮምፒዩተር መዝገብ ሲሰበሰብ ጠባቂው ማን ነው? ይህን ለመመርመር በአይስላንድ የተደረገውን ክርክር መርጠናል፤ የዚያ አገር ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ የምትገኝ፣ ሕዝቧም በዚያን ጊዜ ከ300,000 የማይበልጥ ደሴት ናት። ምክር ቤቷ በ1998 ባወጣው ሕግ በየሆስፒታሉና በየሐኪሙ ዘንድ ያለው የጤና መዝገብ በአንድ የኮምፒዩተር ማኅደር እንዲከማች ፈቀደ። በ2000ም ዲኮድ ለሚባል ኩባንያ የ12 ዓመት ፈቃድ ተሰጠ። ዓላማው የሚናቅ አልነበረም፤ የጤናውን መዝገብ ከትውልድ ሐረግና ከዘር ምርምር ጋራ በማስተያየት የበሽታዎችን ምንጭ ለማግኘት ነበር። ነገር ግን ሕጉ የእያንዳንዱን ሰው ፈቃድ አስቀድሞ አልጠየቀም፤ እንዳይገባ ያላስታወቀ ሁሉ እንደ ፈቀደ ተቆጠረ። የሐኪሞች ማኅበር ሕጉን ተቃወመ፤ ከ20,000 የሚበልጡ ሰዎችም መዝገባቸው እንዳይገባ አስታወቁ።

ይህ ጉዳይ ከወጣቱ ይልቅ በሽማግሌው ላይ ይከብዳል። የወጣት መዝገብ አጭር ነው፤ የሽማግሌው ግን የዕድሜ ልክ ታሪክ ነው፤ ከዚህም በቀር ከሞተ በኋላ «አልፈቅድም» ለማለት አይችልም። አንዲት የአገሩ ተወላጅ በ1991 የሞተው አባቷ መዝገብ ወደ ማኅደሩ እንዳይተላለፍ ብትጠይቅ ባለሥልጣኖቹ አልተቀበሏትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2003 ፈረደላት፤ ይኸውም ስለ አባት የተጻፈው ስለ ልጅም ሊያስታውቅ ስለሚችል፣ ስምን መሰወርም ብቻውን ሰውየውን ለመሰወር ስለማይበቃ ነው። የታሰበውም ማኅደር ሳይሠራ ቀረ።

ሽማግሌዎች የሚሠጉት መሣሪያውን ስለማያውቁ ነው የሚሉ አሉ። ከላይ ያየነው ታሪክ ግን ሥጋቱ መሠረት እንዳለው ያስረዳል። በእኛም አገር ሰው በአባቱና በአያቱ፣ በቀበሌውና በዕድርተኞቹ ይታወቃል፤ ዕድሜውና የልጆቹ ቍጥር ከበሽታው ጋራ ከተጻፈ ስሙ ባይጠራም የሚያውቀው አይጠፋም። ይልቁንም ስልክ ማንበብ የማይችል ሽማግሌ ከሐኪም ቤት የመጣለትን መልእክት የሚያስነብበው ለልጅ ልጁ ነው፤ ሊሸሽገው የፈለገው ነገር በዚያው ይገለጣል።

መዝገብ መሰብሰቡ ጥቅም እንዳለው አንክድም፤ ሐኪሙ ሽማግሌው ቀድሞ የወሰደውን መድኃኒት ካላወቀ ሊጎዳው ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤናን መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ወገን መድቦታል። ይሁን እንጂ አዋጁ ብቻውን አይበቃም። ሽማግሌው በሚያውቀው ቋንቋ፣ ቤተሰቡ በሌለበት፣ መዝገቡን ማን እንደሚያየውና ከሞቱ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ሊነገረው ይገባል። መልሱም «አይሆንም» ቢሆን ሕክምናው ሊጓደልበት አይገባም። ምሥጢሩን የሚጠብቅለት መኖሩን ያላመነ ሽማግሌ በሽታውን ይደብቃል፤ ያን ጊዜ መዝገቡም ሐኪሙም አይጠቅሙትም።