የአባታችሁ ተንከባካቢ ፈቃድ አለው?

ዛሬ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ አንድ ወረቀት ታሪክ ላጫውታችሁ። ወረቀቱ የአረጋውያን መጦሪያ የሚያስተዳድር ሰው የሚጠየቀው የሙያ ፈቃድ ነው። «እኛን ምን አገባን?» እንዳትሉ፣ መጀመሪያ ይህን ስሙ።

ከጨፋ ሮቢት አንድ አባት በዘመድ ተደግፈው እኔ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጡ። ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ አካላቸው አይታዘዝም። ልጆቻቸው ዓረብ አገር ናቸው። በየወሩ ገንዘብ ይልካሉ፣ ተንከባካቢም ቀጥረውላቸዋል። ልጅቷ ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ «አባባ» እያለች ታጫውታቸዋለች። ጀርባቸውን ስገልጥ ግን ከወገባቸው በታች በጣም ጠልቆ የገባ ቁስል አየሁ። «በቀን ስንት ጊዜ ታገላብጫቸዋለሽ?» ስላት ደነገጠች። «ማገላበጥ እንዳለብኝ ማንም አልነገረኝም፣ ዶክተር» አለችኝ።

ልጅቷ ፍቅር አልጎደላትም። የሚያሳያትና የሚከታተላት ሰው ነበር የጎደላት። ፈቃድ የሚባለው ነገር የመጣውም ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው።

የፈቃዱ ታሪክ በደንብ የሚታየው አሜሪካ ውስጥ ነው። (በዚህ ክፍል ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እዚያም ድሮ ጧሪ ያጣ ድሃ መጨረሻው የመንግሥት የድሆች ማደሪያ ነበር። በ1935 የወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ለችግረኛ አረጋውያን ገንዘብ እንዲሰጥ ሲፈቅድ፣ በእነዚያ ማደሪያዎች የሚኖሩትን ከእርዳታው አስቀረ። አረጋውያኑም ገንዘባቸውን ይዘው ወደ ግለሰብ ቤቶች ሄዱ። ትርፍ ክፍል ያለው ሁሉ አልጋ ዘርግቶ ይቀበል ጀመር።

በ1950 ስቴቶች ለእነዚህ ቤቶች ፈቃድ የሚሰጥ አካል እንዲያቋቁሙ ተደረገ። ልብ በሉ፣ ፈቃዱ የቤቱ ነበር። ቤቱን የሚመራውን ሰው «ምን ታውቃለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ብሔራዊ ሕግ ገና አልነበረም።

ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ኦሃዮ ውስጥ ፊችቪል በተባለ ስፍራ «ጎልደን ኤጅ» የተባለው መጦሪያ ተቃጠለ፤ 63 አረጋውያን ሞቱ። በ1965 ደግሞ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉት የመንግሥት የሕክምና ክፍያዎች በሕግ ተደነገጉና ወደ መጦሪያዎች ብዙ ገንዘብ መፍሰስ ጀመረ። በ1967 በሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ ስም የሚጠራው ማሻሻያ ወጣ። ስቴቶች ከጁላይ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የመጦሪያ አስተዳዳሪዎችን በሙያ ፈቃድ እንዲያሠሩ የሚያስገድድ ሕግ ነበር።

ዛሬ ዝርዝሩ ከስቴት ስቴት ይለያያል። በጥቅሉ ግን አስተዳዳሪው ይማራል፣ ፈቃድ ካለው ሰው ሥር ሆኖ ይለማመዳል፣ ብሔራዊ ፈተና ይወስዳል፣ ፈቃዱንም ትምህርት እየጨመረ ያድሳል። ካጠፋ ፈቃዱን ይነጠቃል። በ1987 የወጣው ሕግ ደግሞ ወደ አልጋው ጠጋ አለ። አረጋዊን ለሠራተኛው ምቾት ብሎ ማሰር ተከለከለ። የነርስ ረዳቶችም ቢያንስ 75 ሰዓት እንዲሠለጥኑ ተደነገገ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ሥልጠና በደንብ ያውቁታል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ ዘንድ ጧሪ ማለት ልጅ ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለን የምንመርቀው ለዚህ ነው። ሕጉም ይህንኑ ይዟል፦ የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ልጆች የተቸገሩ ወላጆቻቸውን የመቀለብ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋሉ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይላል።

ልጅ ለሌላቸው ደግሞ በጎ ሰዎች ደረሱላቸው። አቶ ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት መቄዶንያ ዛሬ ሺዎችን ይዟል።

ሐኪምን የመመዝገብ ሕግ በአገራችን የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የሐኪሞች ምዝገባ አዋጅ ወጥቷል። አዋጅ ቁጥር 661/2002 ደግሞ የጤና ባለሙያም የጤና ተቋምም ያለ ፈቃድ እንዳይሠሩ ደነገገ። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ አዲስ ተመራቂዎች የብቃት ምዘና ይፈተናሉ። እኔም ፈቃዴን በየጊዜው አሳድሳለሁ። መጦሪያ የሚመራ ሰው ግን እንደ እኛ የሚቀመጥለት የራሱ የሙያ ፈተና የለውም። ቤታችሁ የምትቀጥሯትን ልጅማ ማን ይፈትናታል?

እናንተ ናችሁ የምትፈትኗት። ወላጃችሁ መጦሪያ ውስጥም ይሁን በተቀጣሪ እጅ፣ እናንተም ሪያድ ሁኑ ከሚሴ፣ እነዚህን ጠይቁ፦

1. መንቀሳቀስ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይገላበጣል? ጀርባ፣ ዳሌና ተረከዝ በየቀኑ ይታያል? የማይጠፋ ቅላት የቁስል መጀመሪያ ነው።
2. የሚወስዱት መድኃኒት ከነሰዓቱ ተጽፏል? ማን ይሰጣል?
3. ሲመገቡ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ? ተጋድመው መብላት ትንታ ያመጣል።
4. ሌሊት ማን አለ? እሳት ቢነሳ በየት ያወጣቸዋል?
5. ድንገት ብትመጡ ያስገቧችኋል? በቪዲዮ ስትደውሉስ ፊታቸውን ብቻ ነው ወይስ ጀርባቸውንም የምታዩት?

ቁስሉ ጥቁር ከሆነ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ካለ፣ ወይም አረጋዊው በድንገት ከተደናገሩ፣ ቤት አታቆዩ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው።

የጨፋ ሮቢቱ አባት ሕክምናቸውን እየተከታተሉ ነው። እንዲህ ያለ ቁስል ለመዳን ወራት ይፈጃል። ልጅቷን በትራስ እንዴት እንደምታዘነብላቸው ለማሳየት የፈጀብኝ አሥር ደቂቃ ነው። አሁን ስልኳ ላይ ማንቂያ ሞልታ በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣቸዋለች። ለልጆቻቸውም ደውዬ ከብሩ ጋር አምስቱን ጥያቄዎች በየሳምንቱ እንዲልኩ ነግሬያቸዋለሁ።

ወላጁን በሰው እጅ ትቶ ለሄደ ወዳጃችሁ ይህን አድርሱለት። ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ።