ድንጋይ የሌለው መቃብር

ባለፈው ዓመት አክስቴን መርሳ ላይ ቀበርን። ሠልስቱ ሳይወጣ በልጆቿ መካከል ክርክር ተነሣ። የበኩር ልጇ ፎቶዋ ያለበት የእብነ በረድ ሐውልት እናሠራለን አለ። ታናሽየዋ ደግሞ፣ «እማዬ በሕይወት ሳለች ፎቶ መነሣት የማትወድ ሴት፣ ሞታ ድንጋይ ላይ እንለጥፋት?» ብላ አለቀሰች። ሽማግሌ ገባ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ነገሩ ግን ሳይቋጭ ቀረ።

ስለ ኩዌከሮች ማንበብ የጀመርኩት በዚያ ሰሞን ነው። መቃብር ላይ ድንጋይ አናቆምም ያሉ ክርስቲያኖች ነበሩ ሲባል ሰምቼ ነበርና፣ ለምን እንዳሉ ማወቅ ፈለግሁ። እንግሊዝ አገር የሄደው ንባቤ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ወሎ ጣለኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከወልድያ ተነሥቶ ጋሸና የደረሰ፣ ከዚያም ወደ ግራ ታጥፎ በኮን በኩል ወገል ጤና የወረደ ሰው፣ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስጎተቱበትን ምድር አቋርጧል። ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝነው መድፍ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በዋድላና በደላንታ አድርጎ፣ ገደል እየተቆረጠለት መቅደላ የደረሰው በ1868 ነው። ዛሬም እዚያው አለ፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል።

መድፉን ጋፋት ላይ ካበጁት ባለእጆች አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነበር። ይህ ሰው አመጣጡ ለመድፍ አልነበረም። ባዝል አጠገብ ባለው የቅዱስ ክሪሾና የወንጌል ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በእጁ ሥራ እየኖረ ወንጌል ሊናገር ነው የመጣው። ንጉሡ ግን ከስብከቱ ይልቅ እጁን ፈለጉ። የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤልን ልጅ፣ በእናቷ ኢትዮጵያዊት የሆነችውን ሱዛንን አገባ። እስከ መጨረሻውም ከንጉሡ ሠፈር አልወጣም። በሚያዝያ 1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ እርሱም ከሌሎቹ አውሮፓውያን ጋር ተለቀቀ፤ ከዚያ ወደ ሶርያ ምድር፣ ዛሬ ሊባኖስ ወደምንለው አገር አቀና።

እዚያ ዋልድማየር ኩዌከር ሆነ። በ1873 ከቤይሩት በላይ ባለው ተራራ፣ ብሩማና በምትባል መንደር ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1896 ደግሞ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። በአገራችን ትልቁን መድፍ ካበጁት እጆች ሁለቱ፣ መሣሪያ አንነካም የሚል ሕዝብ ዘንድ ሄደው አረፉ ማለት ነው። ኩዌከሮች በ1660 ለንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ በጻፉት ቃል፣ በምንም ምክንያት፣ ለክርስቶስ መንግሥትም ቢሆን ለምድር መንግሥት፣ ጦር እንደማያነሡ አስታውቀው ነበር።

እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ራሳቸውን የሚጠሩት «ወዳጆች» ብለው ነው፤ ቃሉን ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ነው ያገኙት። ኩዌከር፣ ማለትም «ተንቀጥቃጭ» የሚለው ስም፣ በ1650 አንድ ዳኛ ያወጣላቸው የፌዝ ስም ነው። መሪያቸው ጆርጅ ፎክስ የሸማኔ ልጅ ነበር፤ በልጅነቱ ጫማ መስፋት ተምሯል። አምልኳቸው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ነው። መድረክ የለም፣ መዘምራን የሉም፤ ሁሉም ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ መንፈስ ቅዱስ ያነሣሣው ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ተነሥቶ ይናገራል። ሰዓቱ ካለቀ ማንም ሳይናገር ይበተናሉ። (የእኛ የወጣቶች ፕሮግራም ይህን አንድ እሑድ ቢሞክር ድምፅ ማጉያው ተበላሸ ብሎ የሚሮጥ አይጠፋም።) በውኃ አያጠምቁም፣ የጌታን እራትም በኅብስትና በጽዋ አይወስዱም፤ በዚህ አልስማማቸውም። ለመኳንንት ባርኔጣ አያወልቁም ነበር፤ ለንጉሥም ለሎሌም እኩል «አንተ» ይሉ ነበር። በእኛ አገር ይህን የሞከረ ሰው ከእናቱ እጅ በሕይወት መትረፉን እጠራጠራለሁ፤ እዚያም ቢሆን ብዙዎች ተደብድበውበታል።

በ1664 የወጣ ሕግ፣ ከቤተሰብ ውጪ ከአምስት ሰው በላይ ለአምልኮ መሰብሰብን ከለከለ። ኩዌከሮች በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ታሰሩ። ወላጆቻችን በደርግ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በየጓዳው ሲሰበሰቡ የነበረውን የሚያስታውስ ሰው ይህ አይጠፋውም። በ1682 ብሪስቶል ከተማ ውስጥ አዋቂዎቹ ሁሉ ወህኒ ሲወርዱ፣ አምልኮውን ያስቀጠሉት ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በሰዓቱ መጥተው ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር፤ ተገረፉ፣ አሁንም መጡ።

ለሞቱትስ? በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር መቃብር ማለት የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነበር። ኩዌከሮች የካህኑን ሥርዓት አልፈለጉም፤ አንድ መሬት ከሌላው ይልቅ የተቀደሰ ነው ብለውም አላመኑም። ከቤተ ክርስቲያን የተወገዘ ደግሞ ቢፈልግም በዚያ አይቀበርም። ስለዚህ በጓሮና በአትክልት ቦታ መቅበር ጀመሩ፤ ቆይተው መሬት ገዙ። በለንደን የራሳቸው ያደረጉት የመጀመሪያው መሬት፣ በ1661 የተገዛው የበንሂል ሜዳ መቃብር ነው። ጆርጅ ፎክስ በ1691 እዚያ ተቀበረ፤ በ1855 እስኪዘጋም ድረስ ወደ 12,000 ሰው አርፎበታል። ጆርዳንስ በሚባለው ሌላ ስፍራ የመቃብሩ መሬት በ1671 ተገዛ፤ የመሰብሰቢያው ቤት የተሠራው ግን በ1688 ነው። ለአሥራ ሰባት ዓመት ሙታኑ ቦታ ሲኖራቸው፣ የሕያዋኑ ስብሰባ የራሱ አዳራሽ አልነበረውም።

ይህን ሳነብ የራሳችን ሽማግሌዎች ትዝ አሉኝ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ወንጌልን ያመኑ ሰዎች የመጀመሪያው ትልቅ ጭንቀታቸው መቃብር እንደነበር ደጋግመው ነግረውናል። ዕድር የሚወጣበት፣ ሬሳ ይዞ ማታ የሚንከራተትበት፣ ቁራሽ መሬት ለማግኘት ማመልከቻ ይዞ ዓመታት የሚመላለስበት ጊዜ ነበር። እንደዚህ ተለምኖ በተገኘ መሬት ላይ የቆመ ድንጋይ «እኛም እዚህ ነን» የሚል ቃል አለው። ስለዚህ የበኩሩን የአክስቴን ልጅ በከንቱ ውዳሴ ለመክሰስ ምላሴ አይታዘዝልኝም።

ኩዌከሮቹ ግን በዚህ ነገር ጨከኑ። በ1717 የለንደኑ ዓመታዊ ጉባኤያቸው፣ በመቃብር ላይ የቆሙ ድንጋዮች እንዲነሡ መከረ። ነጋዴውም ሎሌውም ከአንድ ሣር በታች ይሁኑ ነው ነገሩ። በዚህ የተነሣ፣ የወዳጆች እናት የሚሏት ማርጋሬት ፌል በ1702 የተቀበረችበት ሰንብሪክ የሚባል ስፍራ፣ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ሰው የያዘ በድንጋይ አጥር የተከበበ መስክ ሆኖ ቀርቷል። እርሷ ያረፈችበትን ነጥብ የሚያሳይ ምልክት የለም።

ስም ግን አልጠፋም። ድንጋይ የከለከለው ጉባኤ መዝገብ አጥብቆ ያዝ ነበር። ማን መቼ ተወለደ፣ ማን ማንን አገባ፣ ማን የትኛው መቃብር ገባ፤ ሁሉም ተጽፎ ይቀመጥ ነበር። እኔን ከድንጋዩ ይልቅ ያስደነቀኝ ይህ ነው።

በ1850 ጉባኤው አሳቡን አሻሻለ። ድንጋይ ይቁም፤ ነገር ግን የሁሉም እኩል ይሁን፣ ዝቅ ያለ ይሁን፣ ስምና ዕድሜ የሞተበትም ቀን ይበቃዋል አለ። ጆርዳንስ ላይ ዛሬ የሚታዩት ድንጋዮች ከዚያ በኋላ የቆሙ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ፔንሲልቬንያን የመሠረተው የዊልያም ፔን ነው፤ የሞተው በ1718፣ ድንጋይ በተከለከለ ማግሥት ነበርና፣ ከድንጋዩ ሥር በትክክል እርሱ መሆኑን የሚምል የለም። በ1881 ከፔንሲልቬንያ ሰው መጥቶ አፅሙን በክብር ወደ አሜሪካ እንውሰድ ቢል፣ የመቃብሩ ባለአደራዎች እምቢ አሉ።

እዚህ ላይ አለመጥቀስ የማልችለው ሌላ እምቢታ አለ። ከመቅደላ በሰባት ዓመቱ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ በ1879 በእንግሊዝ ሞቶ ዊንዘር ተቀብሯል። አፅሙ ይመለስ ለሚለው ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 የሰጠው መልስ፣ በአጠገቡ ያሉትን ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። ሁለቱን እምቢታዎች አንድ ማድረግ አይገባም። ፔን በወገኖቹ መካከል፣ በመረጠው መስክ ተኝቷል። ልጁ ግን አገሩን ጥሎ ለመሄድ ያሰበበት ቀን አልነበረም።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ዘመዶቻችን ከፋሲካ በኋላ እንደገና ሊሰበሰቡ ተቀጣጥረዋል፤ የበኩሩ ልጅ የእብነ በረዱን ዋጋ ጠይቆ ይመጣል፤ ታናሽየዋም በአሳቧ እንደ ጸናች ነች። እኔ ከሁለቱም ሳልወግን፣ ባለፈው ሳምንት እርሷ ወደምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የአባላቱን መዝገብ ለማየት ጠየቅሁ። ጸሐፊው ጀርባው የተገነጠለ ትልቅ ደብተር አወጣልኝ። የአክስቴ ስም አለ። የተጠመቀችበት ዓመት አለ። የልጆቿ ቁጥርም አለ። የሞተችበት ቀንና የተቀበረችበት ስፍራ የሚጻፍበት መስመር ግን ባዶ ነበር፤ ከእርሷ በላይ ያሉት ስድስት ሰዎች መስመርም እንደዚሁ።

ጸሐፊው አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ፣ «ቀኑን ታስታውሰዋለህ?» አለኝ።