ትሪሱን ማን ይያዘው? ከፀሐይ ጋር የሚንቀሳቀሱ የሕንፃ ፊቶች ታሪክ

በእኛ ቤት የሐምሌ ጧት የሚጀምረው በትሪስ ድምፅ ነው። አያቴ በማለዳ ተነስታ የምሥራቁን ትሪስ ታወርዳለች፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ እሱን ከፍታ የምዕራቡን ትዘጋለች። ማዝጋን አትወድም። ልጅ ሳለሁ ነገሩ የአሮጊት ልማድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሕንፃ ታሪክ ሳነብ ግን አርክቴክቶች ይህንኑ ሥራ በሞተርና በኮምፒውተር ለማሠራት ስንት ዓመት እንደደከሙ አየሁ።

ታሪኩን ከፓሪስ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1933 ሌ ኮርቡዚዬ ቤት ለሌላቸው ሰዎች መጠለያ የሚሆን ትልቅ ሕንፃ ሠራ፤ አሠሪው የሳልቬሽን አርሚ ድርጅት ነበር። የደቡቡ ፊት ከላይ እስከ ታች መስተዋት ሆነ፣ መስኮቱም እንዳይከፈት ተደርጎ ታሸገ። ሐሳቡ አየሩን ማሽን ያዘጋጀዋል የሚል ነበር። ነገር ግን ገንዘብ አጠረና የማቀዝቀዣው ክፍል ሳይሠራ ቀረ። በብርዱ ወራት ደህና ነበር፤ በጋው ሲመጣ ግን ሕንፃው እንደ ምድጃ ጋለ። ከሁሉ የባሰው ሕፃናቱ በሚውሉበት ክፍል ነበር። ባለሥልጣናት መስኮት ይከፈት ሲሉ አርክቴክቱ ተሟገተ፤ በመጨረሻ ግን የሚከፈቱ መስኮቶች ገቡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ፊቱ ላይ ቋሚ የፀሐይ መከለያ ተጨመረ።

ይህን ሳነብ ትንሽ ቆም አልኩ። ሙከራው የተሞከረው በማን ላይ ነው? ሌላ መሄጃ በሌላቸው ሰዎች ላይ እኮ ነው። ሌላ ሰው ባቀደው ቤት፣ እንዲጠብቁ በተነገራቸው ቦታ መኖር ምን እንደሆነ ወላጆቻችንን መጠየቅ ይቻላል።

ሌ ኮርቡዚዬ ራሱ ከዚያ በኋላ በመከለያ ማመን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1936 ብራዚል ሄዶ ሉሲዮ ኮስታንና ኦስካር ኒማየርን ጨምሮ ወጣት አርክቴክቶችን አማከረ። በሪዮ ዴ ጄኔይሮ የተሠራው የትምህርትና የጤና ሚኒስቴር ሕንፃ በሰሜን ፊቱ አግዳሚ ክንፎች አሉት፤ እዚያ ፀሐይዋ በአብዛኛው በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ክንፎቹን ሠራተኛው ከውስጥ ሆኖ በእጁ ያዞራቸዋል። ለኔ ከሁሉም ብልህ የሆነው ይኼኛው ነው።

እኛ አገርም በ1930ዎቹ የተሠራችው ነጯ የቴል አቪቭ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በዩኔስኮ የተመዘገበችው፣ ይህንኑ ችግር በራሷ መንገድ ፈትታለች፦ መስኮቱ ትንሽ ነው፣ የላይኛው ሚርፔሴት ለታችኛው ጥላ ይሆናል።

ፓራሜትሪክ የሚለው ቃል የመጣው በሌላ በር ነው። ሉዊጂ ሞሬቲ የተባለ ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1960 ሚላን ውስጥ በስሌት የተገኙ የስታዲየም ቅርጾችን አሳየ፤ ከተመልካቹ የእይታ ማዕዘን ተነስቶ፣ በአይ ቢ ኤም ኮምፒውተር እያገዘ። ነገሩን በልብስ ሰፊ መረዳት ይቻላል። ጎበዝ ልብስ ሰፊ የሚያስታውሰው አንድን ቀሚስ ሳይሆን ልኮቹ እንዴት እንደሚያያዙ ነው፤ ትከሻው ሲሰፋ እጅጌውም ደረቱም አብሮ ይቀየራል። ፓራሜትሪክ ዲዛይንም ቅርጹን ሳይሆን ግንኙነቱን ይጽፋል። የፀሐይን ማዕዘን ስትለውጥ ሕንፃው በሙሉ ራሱን ያስተካክላል።

ሁለቱ መንገዶች የተገናኙት ለፀሐይ በሚታጠፉ ፊቶች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ፓሪስ ውስጥ የተከፈተው የዓረብ ዓለም ኢንስቲትዩት፣ የዣን ኑቬልና የባልደረቦቹ ሥራ፣ በደቡብ ፊቱ 240 የብረት ገበታዎች አሉት። በየገበታው ላይ እንደ ካሜራ ዓይን የሚከፈቱና የሚጠቡ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ሞተሩን ያዝዛል። መነሻው ማሽራቢያ ነው፣ በካይሮና በሌሎች የዓረብ ከተሞች ያለው የእንጨት ወንፊት መስኮት፦ ጥላ ይሰጣል፣ ነፋስ ያስገባል፣ በውስጥ ያለውን ሰው ከመንገደኛ ዓይን ይሰውራል። ሞተር የለውም። የኑቬል ቀዳዳዎች ግን እየተበላሹ ለዓመታት አብዛኞቹ ቆመው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ታድሰው እንደገና ተንቀሳቀሱ።

በአቡ ዳቢ ያሉት የአል ባሕር ማማዎች ከዚያ ትምህርት ወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ የተጠናቀቁት እነዚህ ሁለት ማማዎች እያንዳንዳቸው ከ1,000 በላይ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፉ ሦስት ማዕዘን መከለያዎች አሏቸው። ጧት የምሥራቁ ይዘጋል፣ ፀሐይ ስትዞር መዘጋቱም አብሮ ይዞራል፣ ሲመሽ ሁሉም ይከፈታል። የሰሜኑ ፊት መከለያ ስለማያስፈልገው ባዶ ተትቷል። ሥራው በእውነት ያምራል። ግን እዚያ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠው ሠራተኛ እንደ ሪዮው ክንፍ የሚያዞርበት እጀታ የለውም፤ ማዕከላዊ ፕሮግራም ነው የሚወስንለት።

ባለፈው ዓመት የአያቴ ሕንፃ ሲታደስ ትሪሶቹ በኤሌክትሪክ ተቀየሩ። በሳምንቱ ቀናት ቁልፏን ትጫናለች። ለሰንበት ግን መጫን ስለማይፈቀድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ታስባለች፦ ነገ ጧት ፀሐይ የት ትደርሳለች፣ እንግዶች የት ይቀመጣሉ፣ ነፋሱ ከየት ይመጣል። ከዚያ ትሪሱን ከታች አንድ ክንድ ያህል ከፍታ ትተወዋለች።